ቆርቆሮ ላይ የደረቀው በሶብላ

ባለፈው ሳምንት በምንኖርባት በሱዳኗ ከተማ በገዳሪፍ፣ ሱቅ ውስጥ አንድ ቁንጥር ደረቅ በሶብላ አንስቼ በመዳፌ አሽቼ ባሸተው ጭድ ጭድ አለኝ። ቅጠሉ ንጹሕ ነው፣ ደርቋልም፣ ለዛው ግን ጠፍቷል። ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ ወዲያው አወቅሁ፤ ይህን የሚያውቅ አፍንጫ ከየት እንዳመጣሁ ሳስታውስ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ፊቴ በሀፍረት ጋለ።

ያስተማሩኝ እትዬ ለተብርሃን ናቸው። ከትግራይ ተሰደው ወድ ኤል ሒለው የስደተኞች ካምፕ የገቡ፣ ኋላም ገዳሪፍ መጥተው ከጓሯችን ባለችው አንድ ክፍል የተጠጉ ሴት ነበሩ። እናቴ ቅመም ነጋዴ ናት፤ እዚህ የሚኖሩ የአገራችን ሴቶች ለሽሮና ለበርበሬ የሚሆናቸውን የሚወስዱት ከእሷ ነበር። እትዬ ለተብርሃን ጓሮው ውስጥ በሶብላ ይተክላሉ፣ እናቴ ትሸጣለች፣ ሁለቱም ከዚያው ይኖራሉ።

ጓሯችን ውስጥ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ነበር። ከጥላው ሥር የበቀለው በሶብላ ቅጠሉ ሰፊና ለስላሳ ስለነበር እኔ እሱን እወድ ነበር፤ እሳቸው የሚኮሩት ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚጠብሰው፣ ቅጠሉ ደቃቅ በሆነው፣ ቀሚስ ከነካ ሽታው እስከ ማታ በማይለቀው ነበር። «በሶብላ ቆሞ ፀሐይ ካላየ ቅጠል ብቻ ነው፤ ተቆርጦ ፀሐይ ካየ ደግሞ ገለባ ነው» ይሉን ነበር። የሚቆርጡትም ጠዋት ጤዛው ሲተን፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ነው። ከዚያ በራኩባው፣ በዚያ በሣር በተከደነው ዳስ ጥላ ሥር፣ ሰሌን ላይ ተዘርግቶ ሳምንት ያህል እየተገላበጠ ይደርቃል። ማገላበጡ የእኔ ድርሻ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሥራ ሲባል ሆዴን የሚያመኝ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

አንድ ጊዜ እናቴ ዕቃ ልታመጣ ድንበሩ ላይ ወዳለችው ገላባት ወረደች፤ እትዬ ለተብርሃንም የታመሙ እህታቸውን ሊጠይቁ ካምፕ ሄዱ፤ አዲስ የተቆረጠው በሶብላ ለእኔ ተተወ። በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን ልጅ ልታገባ የሒናዋ ቀን ደረሰ። ጓደኞቼ እጃቸውን ሲያስውቡ እኔ ቅጠል ሳገላብጥ ልቀር ነው ብዬ መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ፤ በሶብላውን በመሰላል እያመላለስኩ እንደ ምጣድ የጋለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጣሁት። ከሰዓት በኋላ ግቢው ሁሉ በመዓዛው ታወደ፣ አላፊ አግዳሚው ሳይቀር ቆም እያለ ያሸት ነበር፤ እኔም ጣሪያው ሥር ቁጭ ብዬ በብልሃቴ ተደሰትኩ። ለካ ሽታው ቅጠሉን ጥሎ እየሄደ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ አራግፌ ጆንያ ውስጥ ከተትኩና ሒናዬን ልቀባ ሮጥኩ።

ሁለቱም ተመልሰው ብዙም ሳይቆይ በሶብላውን የገዙ ደንበኞቻችን «ሽሯችን ጣዕም አጣ» እያሉ መለሱት። እናቴ ጥላ ሥር የበቀለ በሶብላ ብዙ ቅጠል ኖሮት ሽታ እንደሌለው ከእትዬ ለተብርሃን ተምራ ነበርና፣ ባስተማሯት ዕውቀት ፈረደችባቸው።

«ከኒሙ ሥር ቆርጠሽ ነው የሰጠሽኝ። ሐራም አይደለም ወይ፣ ለተብርሃን? እንደ እህቴ ነበር የማምንሽ» አለቻቸው።

እትዬ ለተብርሃን ከጆንያው ትንሽ ቆንጥረው አሹት፣ አሸተቱት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ፀሐይ ነክቶት ነበር ወይ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አልነካውም» አልኩ።

ሌላ አልጠየቁኝም። የጠረጠሩትን ለእናቴ አለመናገራቸው እንዳልገረፍ አስበው ይመስለኛል። በሦስተኛው ቀን ጓዛቸውን በሎሪ ጭነው ወደ ካምፑ ተመለሱ፤ እኔም ከበሩ ጀርባ ቆሜ አየኋቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ደፈረሰ። ወድ ኤል ሒለው ያን ያህል ሩቅ አይደለም፣ መኪና አይጠፋም፣ እኔ ግን ዛሬ ነገ ስል አረጀሁ። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ እንኳ አላውቅም። ጓሯችን ውስጥ ከዚያ ወዲህ በሶብላ በቅሎ አያውቅም፤ ጠዋት ስነቃ ከመስኮቱ ይገባ የነበረውን ያንን ሽታ ለልጆቼ ልነግራቸው ስጀምር እንኳ ወሬ እቀይራለሁ።

ዛሬ የእናቴን የቅመም ሱቅ የያዘችው ልጄ ሂባ ናት። ትናንት ከካምፕ አንዲት ሴት ይዛ መጣችና፣ ከደጅ አቁማት ገብታ፣ ሴትዮዋ አትክልት እንደምታውቅ፣ የጓሯችንን ክፍል ብንሰጣት ጥሩ እንደሚሆን ነገረችን። አልጋዋ ላይ ጋደም ያለችው እናቴ ቀና አለች።

«አይሆንም፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። የካምፕ ሴት አምኜ አንድ ጊዜ ጉድ ሆኛለሁ። ይኸው እናትሽ ምስክር ናት።»

ሂባ ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው እንዴ፣ እማ?»

እናቴን አየኋት። አርጅታለች፣ ልቧ ደካማ ነው፤ እውነቱን ላለመናገር ይህን ምክንያት አዘጋጅቼ ኖሬያለሁ።

«አያትሽ ያለችው ይሁን» አልኳት።

ሂባ ወጣች። ለሴትዮዋ በትሕትና፣ «ይቅርታ፣ ክፍሉ ተይዟል» ስትላት ከውስጥ ሰማኋት።