አባባ የጮኹበት ቀን

አባባ እርካቡን በእግራቸው አውራ ጣት ጨብጠው ሲጋልቡ የእንጅባራ ሰው ቆሞ ያያቸው ነበር። ስኳር በሽታ እግራቸውን ካደነዘዘው በኋላ ግን እርካቡ ጣታቸውን ልጦት ሲደሙ እንኳ አላወቁም።

መንገድ የሚሠሩት ቻይናዎች ካምፕ ውስጥ በአገሩ ባህል በመርፌ የሚያክም ሰው አለ ሲባል፣ የሐኪም ቤቱን ኪኒን ሳያቋርጡ ወሰድኳቸው። እንደ ፀጉር የቀጠኑ መርፌዎች እግራቸው ላይ ሲተከሉ የአባባ ቅንድብ እንኳ አልተነቃነቀም። አብረውን የመጡት ጎረቤታችን "ወንድ ማለት እንዲህ ነው!" አሉ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ቻይናው ግን ፊቱን አጨማደደ። አስተርጓሚው "ችለውት አይደለም፤ ስላልተሰማቸው ነው" አለን። ተናደድኩ፤ የአባቴን ጀግንነት የቀማኝ መሰለኝ።

በየሳምንቱ ተመላለስን። ከወራት በኋላ አንድ ቀን አውራ ጣታቸው ሲወጋ አባባ "ወይኔ እግሬን!" ብለው ጮኹ። ጣቱን የቀሰቀሰው መርፌው ይሁን ኪኒኑ ዛሬም አላውቅም። ጎረቤታችን አፍረው "ኧረ ቻል ያድርጉት!" አሏቸው። አባባ ኮርቻ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ቀና ብለው ወደ አስተርጓሚው ዞሩ።

"ድገመው በለው!"