ሻንካ ያልጠራው ስም

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት

ወደ አርባ ምንጭ የተነሣሁት ፊርማ ልሰበስብ ነው። የምሠራበት ማኅበር ሁለት ክፍል ቢሮ፣ አንድ ፕሪንተርና ብዙ ስብሰባ ያለው የጤና ማኅበር ነው። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ወደ አገር ማስገባትም መሸጥም በሕግ ከተከለከለ ዓመታት አልፈዋል፤ ዕቃው ግን በሻንጣ ይገባል፣ በቴሌግራም ይሸጣል። ከንፈር ሥር የምትደረገውን የኒኮቲን ከረጢት ደግሞ ከማስቲካ ለይቶ የሚያውቃት ጥቂት ነው። ስለዚህ ማኅበራችን ቁጥጥሩ እስከ ወረዳ ይውረድ፣ በስልክ የሚሸጠውም ይታይ ብሎ ለመንግሥት ጥያቄ ሊያቀርብ ነው። ከጥያቄው ጋር ከየአካባቢው የሕዝብ ምስክርነት ይያያዛል። የጋሞ ዞን ለእኔ ደረሰኝ።

የማፍርበትን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ያን ሌሊት አውቶቡስ ስሳፈር በጃኬቴ የውስጥ ኪስ ጣት የምታህል ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ቬፕ የሚሏት፣ ነበረች፤ ጣዕሟ የማንጎ። ከሲጋራ የተላቀቅኩት በእሷ ነው፤ ከእሷ ግን አልተላቀቅኩም። ቢሮ ማንም አያውቅም፣ እናቴም አታውቅም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው።

ትኬቱ አንድ ሺህ አራት መቶ ብር ነው። ቡታጅራ ቁርስ፣ ሶዶ ምሳ። ሶዶ ላይ ሰው ሁሉ ጥብሱን ሲጠባበቅ እኔ መጸዳጃ ቤት ቆሜ፣ በአንድ እጄ አፍንጫዬን ይዤ፣ በሌላው ቬፔን እስብ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ወጥቼ እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩና ሽሮ አዘዝኩ።

ከሶዶ ወዲያ መንገዱ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል። ከብርብር በኋላ አባያ ሐይቅ በግራ በኩል ቀይ ቡኒ ሆኖ ታየን። ጫኖ ስንደርስ የሙዙ ማሳ ከመንገዱ ዳር ጀምሮ እስከ ተራራው ሥር ይሄዳል። ሴቶች ማንጎ በሳህን ይዘው ወደ መስኮቱ ሮጡ። አንዷ ስድስት ማንጎ በመቶ ብር ሰጠችኝና «ብዪ፣ ዛሬ የወረደ ነው» አለችኝ። በላሁ። ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። ኪሴ ውስጥ ያለው ነገር የማንጎ ጣዕም ነው ብሎ የጻፈው ሰው ማንጎ በልቶ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

ዓርብ፣ አርባ ምንጭ

ያረፍኩት ሴቻ በሚባለው የከተማው ላይኛ ክፍል፣ መምህርት ወርቅነሽ ቤት ነው። ወርቅነሽ የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ የማኅበራችንን ሥራ በአካባቢው ያለ ክፍያ የምታስተባብረው እሷ ናት። ሆቴል እይዛለሁ ብላት «እኔ እያለሁ? ሰው ምን ይለኛል?» ብላ ተቆጣችኝ። ሐሙስ ማታ እራታችን ኩርኩፋ ነበር፤ በቆሎው ተድቦልቡሎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ። ከመብላታችን በፊት ዓይኗን ጨፍና ጸለየች፦ «ጌታ ሆይ፣ ስለ ልጆቻችን ብላ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣችውን እህታችንን ባርካት።» እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም። የማየው አጥቼ ድስቱን አየሁ።

ጠዋት ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ ወረድን። ሱልጣን የሚባል የጅምላ ነጋዴ ሱቅ ገባን፤ ሳሙና፣ ዘይት፣ ብስኩት እስከ ጣሪያ የተደረደረበት ነው። አባቱ ከስልጤ መጥተው የከፈቱት ሱቅ ነው።

«እኔ አልሸጥም» አለ ሱልጣን ገና ሳንጠይቀው። «ሕጉን አውቃለሁ። ለምነውኛል፣ ትርፉም ጥሩ ነው። ግን የእኔ ልጅም ተማሪ ነው።»

«ታዲያ ከየት ያገኙታል?» አልኩት።

«ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ነዋ! በሻንጣ፣ በኪስ። አውቶቡሱን ማን ይፈትሻል?»

ወርቅነሽ ጻፊው ጻፊው ብላ ጎሸመችኝ። «በኪስ» ብዬ ጻፍኩ። ሱልጣን ፈረመ፣ ማኅተሙንም አደረገበት።

ምሳ ጫሞ ሐይቅ ዳር አሳ በላን። ጀልባዎቹ ገብተዋል፤ ሙሉ አሳ ተጠብሶ ከዳጣ ጋር ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ነው። አሳ የሚገነጥሉት ወጣቶች ስለ ቬፕ ስንጠይቃቸው ሳቁ፤ ሁለቱ ግን ከንፈራቸውን ገልብጠው ከረጢቷን አሳዩን። «እንቅልፍ ታባርራለች» አሉ። ስሟን እንኳ አያውቁም። ወርቅነሽ እዚያው ቆማ አስተማረች፤ ሰባት ፊርማ አገኘን።

ቅዳሜ፣ ወደ ጨንቻ

ሾፌራችን ሻንካ ይባላል፤ አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቃሉ ጥቂት። የሚነዳው ወርቅነሽ የምታመልክበትን ቤተ ክርስቲያን ፒክአፕ ነው። እንግዳ ፊት ነው የሚቀመጠው ተብዬ ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ ወርቅነሽ ከፖስተሮቹ ጋር ከኋላ።

ዳገቱን ስንጀምር ስለ ራሱ አወራኝ። በቀን ሁለት ፓኮ ያጨስ ነበር። ይጠጣም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቀጣችው፤ ከጌታ እራት ታገደ፤ ሚስቱ ወደ እናቷ ሄደች። «ሦስት ዓመት ሆነ ካቆምኩ» አለኝ። «መጀመሪያ ሚስቴ ተመለሰች። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን መለሰችኝ። ከዚያ ይቺን መኪና ሰጡኝ። ዛሬ ደጋው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀኛል፣ እኔ እመሰክራለሁ።»

«በምን አቆምከው?» አልኩት።

«በምን? በመተው ነዋ።»

ዶርዜ ስንደርስ ሞተሩ ጋለ። ሻንካ ውኃ ፍለጋ ወረደ፣ ወርቅነሽም ከአንዲት ፖም ሻጭ ጋር ዋጋ ትከራከር ጀመር። ብቻዬን ስሆን እጄ ራሱ ወደ ኪሴ ሄደ። ሁለት ጊዜ ሳብኩ። ሦስተኛውን ስስብ የወርቅነሽ ነጠላ በመስታወቱ ታየኝ። ከፊቴ ያለውን መሳቢያ ከፍቼ ወረወርኳትና ዘጋሁት። መሳቢያው የሻንካ ነው፤ ሊብሬው፣ ፎጣውና ትንሿ አዲስ ኪዳኑ ያለችበት። በኋላ አወጣታለሁ አልኩ።

ወርቅነሽ በሩን ከፍታ «እንዴት ያለ የፍሬ ሽታ ነው!» አለች። ማንጎ በላሁ አልኳት።

ስብሰባው ከጨንቻ ማዶ ባለች ቀበሌ ዱቡሻ ላይ ነበር። ዱቡሻ የጋሞ ሰው የሚመክርበትና የሚታረቅበት ሜዳ ነው፤ ዙሪያው እንሰትና ቀርከሃ፣ መሬቱ አጭር ሣር። እዚያ መዋሸት ጎሜ ነው። ጎሜ ማለት የማይደረገውን ማድረግ ነው፤ ያንድ ሰው ጥፋት ተናዝዞ ካልወጣ ለልጁ፣ ለከብቱ፣ ለጎረቤቱም ይተርፋል ይላሉ። ጨንቻ ይበርዳል፤ ሽማግሌዎቹ ቡሉኮ ተከናንበው ተቀምጠዋል። እኔ ቆሜ ተናገርኩ፣ ወርቅነሽ ወደ ጋምኛ መለሰች። ጥሩ ተናገርኩ፤ መናገር ሥራዬ ነው።

ሰብሳቢው ሽማግሌ፣ አባባ ዛንጋ፣ ሰምተው ሲጨርሱ በአማርኛ ጠየቁኝ። «እኛ ልጅ እያለን ትልልቆቹ ጋያ ያጨሱ ነበር፣ በቅል፣ በውኃ። ጭሱ ይታያል፣ ውኃው ይንቦጨቦጫል፤ ማን እንደሚያጨስ ሰፈሩ ያውቃል። ይሄኛው ይደበቃል አልሽን?»

«አዎ አባባ፣ ይደበቃል። ክፋቱ እሱ ነው» አልኳቸው።

ከዚያ ሻንካ ተነሣ። ኮፍያውን አውልቆ በጋምኛ መሰከረ። ስለ ሚስቱ ሲናገር ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሲጨርስ ሽማግሌዎቹ መረቁት፣ ከሁሉ ቀድሞም ፈረመ።

ወርቅነሽ ፖስተር ልታመጣ ወደ መኪናው ሄዳ ነበር። ማርከር ፈልጋ ኖሮ መሳቢያውን ከፍታለች። ምንም ሳትጠረጥር፣ ፊቷ በርቶ፣ ቬፔን ከፍ አድርጋ ይዛ መጣች። «ይኸው! ናሙና ይዘን መጥተናል ለካ!» አለች።

«ከየት አገኘሽው?» አሉ አባባ ዛንጋ።

«ከመኪናው፣ ከመሳቢ...» ብላ ቆመች። ፊቷ ሲጠቁር አየሁ። ሰው ሁሉ ወደ ሻንካ ዞረ።

«የማን ነው?» አሉ ሽማግሌው።

ሻንካ አየኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። «የእኔ አይደለም» አለ።

«ታዲያ የማን ነው?»

«የሰው ስም አልጠራም።»

ከኋላ አንዱ በጋምኛ የተናገረውን ሳይተረጎምልኝም ተረዳሁት። ሁለት ፓኮ ያጨስ የነበረ ሰው፣ የራሱ መሳቢያ፣ የራሱ አዲስ ኪዳን ሥር። አባባ ዛንጋ ዕቃውን ተቀብለው በፎጣ ጠቀለሉት። «ባለቤቱ እስኪናገር እዚህ ይቆያል» አሉ።

አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቴን ነው፣ ከፍቼ ነበር። ከዚያ ፊርማው ታሰበኝ፣ ማኅበሩ ታሰበኝ፣ የኃላፊዬ ፊት ታሰበኝ። ለዓላማው ስል ዝም ልበል አልኩ ለራሴ። ሐሰት ነው። ለራሴ ስል ነው ዝም ያልኩት። ሰዉ ተሰልፎ ፈረመ፤ ወርቅነሽ ግን እያለቀሰች የሻንካን ስም በእስክሪብቶ ሰረዘችው።

ስንመለስ ወርቅነሽ ዶርዜ ላይ ዘመድ ልትጠይቅ ወረደች። ሁለታችን ብቻ ቀረን። ሻንካ ፍሬኑን ይዞ ጥምዝምዙን ይወርዳል።

«ለምን አልተናገርክም ጋሽ ሻንካ?»

«በዱቡሻ ሰው የራሱን ነው የሚናገረው።» ማርሽ ቀየረ። «እኛ አማኞች ጎሜ የድሮ ነገር ነው እንላለን። እዚያ ሜዳ ላይ ስቆም ግን እፈራለሁ፣ አልዋሽም። አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩ።»

«ተናደድክብኝ?»

«በጣም።»

ሴቻ ላይ አወረደኝ። 

እሑድ

ከወርቅነሽ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መዝሙሩ ደምቋል፣ ሰዉ ሞልቷል። ሻንካ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ከሚስቱ ጋር ተቀምጧል። የጌታ እራት ሲታደል ሚስቱ ተነሥታ ሄደች፤ እሱ ቀረ። ወርቅነሽ በጆሮዬ «ጉዳዩ እስኪጣራ ታግዷል። የመኪናውንም ቁልፍ ትናንት ማታ አስረክቧል» አለችኝ። ቀጥላም «እኔ ነኝ ያዋረድኩት፤ ዝም ብዬ በኪሴ ብከተው ምን ነበረበት?» አለች። ጥፋቴን እሷ ስትሸከመው እያየሁ መዝሙር መጽሐፍ አገላበጥኩ። ሚስቱ ስትመለስ ከባሏ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ያን ርቀት አየሁት። እጅግ አፈርኩ፤ ማፈሬ ግን ከመቀመጫዬ አላስነሣኝም።

ሰኞ፣ አዲስ አበባ

ወርቅነሽ ሙዝና ሽፈራው በፌስታል ጠቅልላ ሸኘችኝ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። ቅጾቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ፤ ከገጹ ሁሉ የሚታየኝ ያ የተሰረዘ መስመር ብቻ ሆነ።

ቁጥጥሩ ይጥበቅ ብዬ አሁንም አምናለሁ። እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ። ሽማግሌው የጠየቁኝን ጥያቄ ከእኔ በላይ ሊመልስ የሚችል በዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም፦ ነገሩ እንዴት እንደሚደበቅ፣ እንዴት ሰውን መጸዳጃ ቤት አቁሞ አፍንጫ እንደሚያስይዝ፣ እንዴት እንደሚያስዋሽ። በዞኑ ሁሉ ምስክር ስፈልግ የከረምኩት ምስክሯ እኔ ሆኜ ሳለ ነው። ለኃላፊዬ ስልክ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ብዙ ተናገረኝ፣ ይገባኛል።

ከዚያ ወርቅነሽ ጋ ደወልኩ። ስነግራት አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «ማንጎ በላሁ አልሽኝ» አለች። ከዚያም «ለእኔ ነገርሽኝ፣ ጥሩ። እሱ የተዋረደው ግን እኔ ፊት ብቻ አይደለም» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ይህን ጽፌ ማሳተሜም አይበቃም። አባባ ዛንጋ አያነቡትም፤ ሣሩ ላይ የነበሩት ሴቶችም አያነቡትም።

በመጨረሻ ሻንካ ጋ ደወልኩ። ከጀርባው የልጆች ድምፅ ይሰማል።

«ጋሽ ሻንካ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

 «በስልክ ይቅርታ አላውቅም እኔ» አለ። «ቅዳሜ ዱቡሻው ላይ ሰው ይሰበሰባል። ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ።»

«እንግዲያው ከመናኸሪያ በሚኒባስ እንወጣለን፤ መኪና የለኝም አሁን። ብርድ ልብስ ያዢ፣ የጨንቻን ብርድ ታውቂዋለሽ።» ስልኩን ሊዘጋ ሲል እንደገና ጠራኝ። «የሚኒባሱን እንዳትከፍዪ። እኔ ነኝ የምከፍለው፤ እንግዳዬ ነሽ።»