ጦስኝ የገባበት በርበሬ

ባለፈው ቅዳሜ ግቢዬ ውስጥ ሰሌን አንጥፌ፣ ከወፍጮ ቤት የመጣውን በርበሬ በወንፊት እየነፋሁ ነበር። አፍንጫዬን በነጠላዬ ጫፍ ሸብ አድርጌዋለሁ። ልጄ ሰናይት አጠገቤ ቁጭ ብላ ታስነጥሳለች፤ ወንድሟ ደጃፉ ላይ መጽሐፉን እንደያዘ ይስቅባታል። ጋሼ ዘገየ በአጥራችን ጥግ ሲያልፉ ከዘራቸውን ተክለው ቆሙ። ጎረቤታችን ናቸው፤ በሰንበቴው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቦታ የሚለቅላቸው ሽማግሌ። አየሩን ሳብ አደረጉና፣

«ብርቄ፣ ጦስኝ አግብተሽበታል አይደል?» አሉኝ። «አዬ፣ የእናትሽ እጅ! እንዲህ ያለ በርበሬ ከበላሁ ሠላሳ ዓመት ሆነኝ እኮ!»

ወንፊቱ እጄ ላይ ቀረ። ልጆቼ ሽማግሌው ያመሰገኑኝ መስሏቸው ፈገግ አሉ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ለምን እንደፈላ እስከዚያች ቀን ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም። ፈሪ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩትም ካገባሁ በኋላ ስለሆነ ጽሑፍ አይቀናኝም። ቢሆንም ይሄን ነገር ይዤው ብገባ መቃብርም አያስተኛኝም።

ዘመኑ የጣልያን ነው፤ እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምንኖረው እዚሁ ጉለሌ፣ አሁን ባለሁበት ግቢ ነው። አባቴ ዘምቶ አልተመለሰም። አብረውት የነበሩት፣ ከሰማይ የተረጨው መርዝ ነው የጨረሰው ብለው ነገሩን። እናቴ አስካለ ያለ ባል ቤት ያቆመችው በበርበሬ ነው። ሰው ዛላውን ያመጣላታል፤ እሷ አዘጋጅታ ትመልሳለች፤ ለድካሟ እህል ይሰፍሩላታል።

የዛሬ ልጆች በርበሬ ከሱቅ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚበቅል ይመስላቸዋል። ዛላው ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ሙቀጫ ውስጥ ይደለዛል። ከዚያ ቅመሙ እንዲዋሐደው ታፍኖ ይሰነብታል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ዶሮ ይጠብቃል፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሲደርቅ ከአዝሙዱና ከድንብላሉ ጋር ለብ ተደርጎ ይታመስና ይወቀጣል። እናቴ ስትወቅጥ ዘነዘናዋ ዜማ ነበረው። ከሩቅ የሰማ ሰው «አስካለ ናት» ይል ነበር።

ያን ዓመት ኅዳር ላይ የስምንት ቤት በርበሬ ቤታችን ገባ። መንገዱ በጦርነቱ ተዘግቶ ኮረሪማ ከገበያ ጠፍቷል። እናቴ ሁለት ቀን ስታስብ ከረመችና አንድ ማለዳ ወደ እንጦጦ ይዛኝ ወጣች። ከማርያም በታች ባለው ተዳፋት ላይ ጤዛ የጠጣውን ጦስኝ እየለቀምን አቁማዳ ሞላን።

«እማዬ፣ በርበሬ ውስጥ ጦስኝ ማን አግብቶ ያውቃል?»

«ጣልያኖቹ ኮረሪማውን ከነሱን፣ እግዜር በደጃችን ያበቀለውን እንሞክራለን።»

«ካልጣመስ?»

«ካልጣመ የሚሰደብ እኔ፤ አንቺን ምን አሳሰበሽ? ልቀሚ!»

ጣመ። ውጪ ላለ ሰው ሁሉ የሚጣራ ሽታ ወጣው።

ያኔ ጋሼ ዘገየ ጋሼ አልነበረም። ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር ጎረምሳ ነው፤ ጣልያንኛ ለምዶ አስተርጓሚ ሆኖላቸው ነበር። በየበዓሉ ከእናቴ ገበታ ጠፍቶ አያውቅም። ሽታው ጠርቶት መጣና የገንቦውን አፍ ገልጦ አሸተተ።

«እትዬ አስካለ፣ ምን ጨመሩበት?»

«ጦስኝ።»

«ጉድ ነው! በሉ አንድ ቁና ይስፈሩልኝ።»

«የሰው አደራ ነው፣ ልጄ። የራሴ ሲደርስ አቀምስሃለሁ።»

«ለመንግሥት ሰው የለም ይላሉ?»

«ለመንግሥት ሰው ቀርቶ ለነፍስ አባቴም ቢሆን አደራ አደራ ነው።»

ሳቀ። እየሳቀም ሄደ። እኛም የሳቀ ሰው አይቀየምም ብለን ረሳነው።

በሳምንቱ እናቴ የመጨረሻውን ዙር ታምስ ነበር። የቀረው ተወቅጦ ገንቦ ገብቷል። ነፋስ ተነሣና ጭሱን ወደ መንገዱ ወሰደው። በዚያ ሰዓት አንድ ጣልያን መኮንን ከሁለት አስካሪዎች፣ ከጥቁር ወታደሮቹ፣ ጋር ሲያልፍ ኖሯል። ከአገሩ ከመጣ ወር ያልሞላው፣ ፀሐይ ገና ያልነካው ፊት ነበረው። ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ ዓይናቸው እንባ ሲያፈስ እየተሳደቡ ግቢያችንን ሞሉት። ከኋላቸው ዘገየ አለ። መኮንኑ መሐረቡን አፉ ላይ አድርጎ ምጣዱን እያመለከተ ጮኸ። ምንድን ነው ማለቱ እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው።

ዘገየ ምጣዱን አየ። ገንቦዎቹን አየ። እናቴን አየ። ከዚያ አንዲት ቃል ወረወረ፤ «ቬሌኖ» አለ።

እናቴ ቃሏን አታውቃትም። እኔ አውቃታለሁ። ወደ ጦር ሰፈራቸው ወጥ ቤት እንቁላል ስወስድ፣ ለአይጥ የተበተነውን ነጭ ዱቄት እንዳልነካ ወጥ ሠሪው ጉሮሮውን አንቆ፣ ምላሱን አውጥቶ ያስተማረኝ በዚያች ቃል ነው። መርዝ ማለት ናት።

እስቲ ፍረዱ! አባቴን በመርዝ የገደሉ ሰዎች እናቴን መርዘኛ ሊሉ ቤታችን ገቡ፤ መንገዱን የመራቸው ደግሞ እንጀራችንን የበላ ሰው!

እናቴ እንግዳ ፊት የምታደርገውን አደረገች። ጠላ የምትቀዳ ሴት መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ እንደምትቀምሰው ሁሉ፣ ከተወቀጠው ቆንጠር አድርጋ መዳፏ ላይ አኖረችና ላሰችው። ቀጥላ የተወቀጠው ያለበትን ወጭት በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ወደ መኮንኑ ዘረጋች።

«ይቅመሱ ጌታዬ፣ ቅመም ነው» አለች።

በእኛ አገር ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። መርዝ የለበትም፣ ከእኔ ይጀምር ማለት ነው። መኮንኑ አላወቀም፤ መርዝ ልታጎርሰው የመጣች መሰለው። ዘገየ ግን ያውቃል! ስንት ጊዜ እናቴ ቀምሳ የሰጠችውን ጠላ ጠጥቷል! አንዲት ቃል ቢተረጉም በሳቅ ያልቅ ነበር። መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። መኮንኑ በያዘው ቆመጥ የተዘረጉትን እጆቿን መታቸው። ወጭቱ ተሰበረ፤ ጣቶቿም ተሰበሩ።

እኔስ? «ኖ ቬሌኖ፣ ማንጃሬ»፣ መርዝ አይደለም፣ የሚበላ ነው ማለት እችል ነበር። ሁለቱም ቃላት ነበሩኝ። በሩ ኋላ ቆሜ ሻሼን ነክሼ ዝም አልኩ። እናቴን እያዳፉ ሲያወጧት ዞራ አየችኝና ከንፈሯን በጥርሷ ያዘች፤ አትናገሪ ማለቷ ነው። ያ ምልክት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ልጆቼ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ከንፈሬን የምነክስባቸው ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።

ገንቦዎቹን አስካሪዎቹ ተሸክመው ወጡ። ዘገየ በሩ ላይ ዞር ብሎ «ወንዝ ይደፋ ተብሏል፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ።

እናቴ በሦስተኛው ወር ተፈታች። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ከዚያ ወዲህ አልታጠፉም፤ ዘነዘና መያዝም ቀረ። የስምንቱን ቤት አደራ እኔ እየወቀጥኩ ስንት ዓመት ተካን። ዘገየ ያላትን ቃል ብነግራት «ፈርተሽ ነበር፤ አጥርተሽ አልሰማሽ ይሆናል» አለችኝ። ጣልያን ከወጣ በኋላ ዘገየ ሽማግሌ ይዞ መጣ። መርዝ ያለው ራሱ ነጩ ነው፤ በርበሬው ዓይኔ እያየ ወንዝ ተደፋ ብሎ በማርያም ስም ማለ። እናቴ «ታዝዞ ነው» ብላ ሳመችው፤ ይህንኑ እንዳመነች ሞተች። እኔም ሠላሳ ዓመት የገዛ ጆሮዬን ስጠራጠር ኖርኩ።

ዘንድሮ ሰናይት እንጦጦ ማርያም ለመሳለም ወጥታ አንድ እስር ጦስኝ ይዛልኝ መጣች። እጄ ሳያማክረኝ በርበሬው ውስጥ ጨመረው፤ ከዚያ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ይኸው ሽታው ሽማግሌውን ጠርቶ አጥሬ ላይ አቆመልኝ። ከበላሁ ሠላሳ ዓመት ሆነኝ አሉ! ወንዝ የተደፋውን በርበሬ! አፋቸው ሠላሳ ዓመት የያዘውን ሆዳቸው አወጣው።

ተነሣሁ። ከሰሌኑ ላይ በርበሬ ቆንጠር አድርጌ መዳፌ ላይ አኖርኩና ላስኩት። ቀጥዬ በሰሃን ጨለፍ አድርጌ፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ በአጥሩ ላይ ዘረጋሁላቸው።

«ይቅመሱ፣ ጋሼ ዘገየ። መርዝ የለበትም።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። «ብርቄ… የድሮ ነገር…»

«ወንዝ የተደፋ በርበሬ እንዴት ይበላል? እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ እርስዎ ያስረዱኝ!»

«እማዬ?» አለ ልጄ መጽሐፉን ጥሎ እየተነሣ። እኔ እንዲህ ስጮህ በሕይወቱ አልሰማም።

ሽማግሌው ሰሃኑን ከፊታቸው ሊያርቁ እጃቸውን ሲያነሡ ነኩት፤ በርበሬው መሬት ላይ ተዘረገፈ። ከዘራቸውን እየጎተቱ ሄዱ። እኔ ሰሌኑ ላይ ተዘርፍጬ፣ ለልጆቼ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳቸው።

ደፋር ሆንኩ አልልም። ሌሊቱን ሰውየው ምን ያደርጉኝ ይሆን እያልኩ አደርኩ። ልጄ ዊንጌት ነው የሚማረው፤ ሰሞኑን በመንግሥት ላይ አፉ በዝቷል፤ ትናንትም አንድ ነገር ሊናገር ሲጀምር ጥርሴ ወደ ከንፈሬ ሄደ። ነገር ግን አልነከስኩም። እየፈራሁ ሰማሁት።

ከአጥሩ ሥር የተደፋውን በርበሬ ዶሮዬ ጭራ ለቅማዋለች። ይኸው ሳምንቷ ነው፤ ደህና ናት፤ ትናንት እንቁላል ጥላለች።