ገፈርሳ ላይ የሰፈሩት ፕሌቢያኖች

ቡራዩ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን የታሪክ አስተማሪያችን ሮምን በወሬ ብቻ ማስተማር አይሆንላቸውም ነበር። አንድ ሰኞ ክፍሉን ለሁለት ከፈሉት። በመስኮት በኩል የተቀመጡት ጥቂቶች ፓትሪሺያን፣ ማለትም መኳንንት ሆኑ፤ የሕግ ሸንጎው ሴኔቱም፣ ሁለቱ የበላይ ገዢዎች ቆንስሎቹም ከእነሱ ወጡ። የቀረነው ፕሌቢያን፣ ተራው ሕዝብ ነን። ሕግ የሚያወጡት እነሱ፣ ጦርነት ሲመጣ የምንዘምተው እኛ።

መኳንንቱ ሹመቱን ቶሎ ለመዱት። ክፍሉን አስጠረጉን፤ በእረፍት ሰዓት ኳሳችንን ቀሙን።

ሐሙስ ዕለት አስተማሪያችን የሮም ድሆች ግፍ ሲበዛባቸው ከተማዋን ጥለው ኮረብታ ላይ እንደሰፈሩ ነገሩን። ገና ሳይጨርሱ አንዲት ዝምተኛ የገበሬ ልጅ ከኋላ ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ ታዲያ እኛ ምን እንጠብቃለን?»

ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ግር ብለን ተከተልናት።

በገፈርሳ መንገድ ሄደን ባሕር ዛፍ ሥር ሰፈርን። እኔ እናቴ ፋብሪካ ስለተቀጠረች ከወላይታ የመጣሁ ነኝ፤ ኦሮምኛ ስለማልችል ብቻዬን ነበር የምውለው። ያን ቀን ልጅቷ ቆሎዋን ስታካፍል ለእኔም ዘገነችልኝ።

ትንሽ ቆይቶ መኳንንቱ ከአስተማሪያችን ጋር መጡ።

«ተመለሱ፣ ኳሱን እንሰጣችኋለን» አለ አንዱ ቆንስል።

«ላኪ!» አለች ልጅቷ። በኦሮምኛ አይሆንም ማለቷ ነው።

አስተማሪያችን ሳቁ። «የሮም ድሆችም የተመለሱት የሴኔቱን ውሳኔ በአንድ ቃል የሚያግድ ተጠሪ ሲፈቀድላቸው ነው። እናንተም ምረጡ።»

እሷን መረጥን። ስንመለስ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘን።

«ኤሊ ሥሩ!» ብለው ጮኹ አስተማሪያችን። የሮም ወታደሮች ጋሻ ለጋሻ ገጥመው ከፍላጻ እንደሚጠለሉት፣ ቦርሳዎቻችንን አናታችን ላይ ገጠምን። ቆንስሉም ሮጦ ከመሃላችን ገባ። እየሳቅን፣ እየተረጋገጥን፣ በስብሰን ደረስን።

ከዚያ በኋላ ኦሮምኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ዛሬ ሱሉልታ ላይ ጥብቅና ትሠራለች። ባሕር ዛፉ የነበረበት ቦታ ቤት በቤት ሆኗል።

አስተማሪያችን ጡረታ ወጥተው ሰበታ ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። በቅርቡ ከእሷ ጋር ልንጠይቃቸው ሄድን።

«ያን ቀን ዳይሬክተሩ አልተቆጡዎትም?» አልኳቸው።

«ተቆጣ እንጂ! ‹ተማሪዎችህ የት ገቡ?› ቢለኝ፣ ‹ታሪክ እየሠሩ ነው፣ ሲጨርሱ ይመጣሉ› አልኩት።»

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኛም እጃቸውን ይዘን ብዙ ቆየን።