የባዶ ሳህኑ ሰልፍና አብሮ አደጌ

ታናሽ እህቴ ዛሬ ባዶ ሳህን ይዛ የዩኒቨርሲቲ ግቢያቸው ካፌ በር ላይ ቆመች።

ረመዳንን የሚጾሙት ተማሪዎች ሁሉ እንደሷ ቆመዋል። ካፌው ከመግሪብ በፊት ስለሚዘጋ የሚያፈጥሩበት የላቸውም። የጠየቁት እራታቸው እንዲቀመጥላቸው ብቻ ነው።

ፎቶውን ለጠፍኩት። ከዚያማ አስተያየቱ ዘነበ! "ግቢ ትምህርት ቤት እንጂ ምግብ ቤት አይደለም" ያለኝም አለ። (ወንድሜ፣ የተዘጋው እኮ ምግብ ቤቱ ነው።)

እህቴ ደውላ ሳቀችብኝ። "ተያቸው በቃ! የተራብነው እኛ፤ የውጭ ሰው ያለው ምን ያደርግልናል?"

እውነቷን ነው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ስልኬን ስነካካ የዋልኩት የአንዲት የውጭ ሰው ቃል ፈልጌ ነው።

ትዕግስት ሽሮ ሜዳ ጎረቤታችን የነበሩት ሸማኔ ልጅ ናት፣ አብሮ አደጌ። እነሱ ክርስቲያን፣ እኛ ሙስሊም። እናቷ የእነሱ ሥጋ ያልነካው ድስት ለእኛ ለብቻው ያስቀምጡ ነበር። በረመዳን ደግሞ ትዕግስት "አዛን ሳይል እራት አልበላም" ብላ ከእኔ ጋር ሱቃችን ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። ርቧት እያለቀሰች እንኳ!

እነትዕግስት ከሰፈር ከወጡ ወዲህ የምንገናኘው እዚሁ ፌስቡክ ላይ ነው። ፎቶውን ስቶሪ ላይም አድርጌው ነበር፤ አይታዋለች። ምንም አላለችም።

እናንተስ? ያ ሁሉ ሰው እየጮኸ የአንድ ሰው ዝምታ ብቻ ከብዷችሁ ያውቃል? እስቲ ንገሩኝ።

ትዕግስት፣ አዛን ካለ ቆየ። እኔ ሱቃችን ደጃፍ ተቀምጫለሁ፣ ቴምሬን እስካሁን አልቀመስኩም።