የረቡዕና የሐሙስ ማካካሻ

በደርግ ዘመን ፒያሳ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። አንድ ክረምት ለአብዮት በዓል የሚቀርብ ሪፖርት መጣና እሁድ እሁድም ሳይቀር ታይፕ ስንመታ ከረምን። በዓሉ ካለፈ በኋላ አለቃችን ሰበሰቡንና፣ «ጓዶች፣ ለትርፍ ሰዓት የተያዘ በጀት የለም። በምትኩ የማካካሻ ዕረፍት ይሰጣችኋል» አሉን። ባልደረቦቼ አጉረመረሙ። ለእኔ ረቡዕና ሐሙስ ደረሰኝ።

የምኖረው እሪ በከንቱ ከአራት ዓመት ልጄ ጋር ነበር። አባቷ ክፍለ ሀገር ተመድቦ ስለነበር፣ ጠዋት እንደተኛች ለጎረቤቴ፣ ለአንዲት ባልቴት፣ አደራ ሰጥቻት እወጣለሁ። ስመለስ እንቅልፍ ወስዷት አገኛታለሁ።

ረቡዕ ስነቃ ክፍሉ በብርሃን ተሞልቷል። ቤቴን በዚያ ሰዓት አይቼው ስለማላውቅ የሌላ ሰው ቤት መሰለኝ። ልጄ ዓይኗን እያሻሸች አየችኝ።

«ዛሬ እሁድ ነው?»

«አይደለም፣ ረቡዕ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልሄድሽም?»

«ዕረፍት ሰጡኝ።»

ጥቂት አሰበችና እጄን ይዛ ወደ ውጭ ወሰደችኝ። በሕልም እንደሚሄድ ሰው ተከተልኳት። የትኛው ውሻ እንደማይናከስ፣ የትኛው ደጅ እንደሚያዳልጥ ታውቃለች። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ በሩ ላይ የሚሰፋ አንድ ልብስ ሰፊ ቁራጭ ጨርቅ ሰጣትና፣ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አላት።

«እናቴ ናት» አለችው ኮራ ብላ። «ረቡዕም አለችኝ!»

ቀስ እያልን ዳገቱን ወጥተን ጊዮርጊስ ግቢ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። የመኪና ድምፅ ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስል ነበር። ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ጣቶቼ ከልማድ ጀርባዋ ላይ ፊደል ሲመቱ አገኘኋቸውና ሰበሰብኳቸው። ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም።

ስንመለስ ሰፈር ጫፍ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። «እማዬ!» ብላ ጮኸች። እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን በአጠገቤ አልፋ ሮጣ መንገድ ዳር ቆመው የነበሩት የባልቴቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች። ሴትዮዋ ደነገጡ። «እናትሽ እዚያ ናት የኔ ልጅ፣ ወደሷ ሂጂ እንጂ» አሏት። ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ባልቴቷ የሚቀመጡበትን ዱካ ይዘው ደጄ መጡ።

«ተቀይመሽኛል?»

«ኧረ እርስዎን! እግዜር ይስጥልኝ እንጂ» አልኳቸው። «ግን ይንገሩኝ፤ ቀን ቀን ምን ስትል ትውላለች? ምንም እንዳይዘሉ።»

አጠገቤ ተቀምጠው ይነግሩኝ ጀመር፤ ነጎድጓድ ሲመጣ ምን እንደምትል፣ ለአሻንጉሊቷ ስንት ስም እንዳወጣችላት፣ ከዳቦዋ ግማሹን ለእኔ ብላ ኪሷ ውስጥ አስቀምጣ፣ ስትጠብቀኝ ስትጠብቀኝ ራሷ እንደምትበላው። ልጄ ከእኩዮቿ ጋር ግቢው ውስጥ ትሯሯጣለች። የምሳ ሰዓት አልፎም እኔና ባልቴቷ አልተነሳንም።