ከበሩ በስተግራ ያለው የጫማ መደርደሪያ

ኃይለመለኮት አውሮፓን የሚያውቃት በመስኮት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ አሜሪካ ሲመጣ ፍራንክፈርት ኤርፖርት ውስጥ አራት ሰዓት ተቀምጦ ጠብቋል። ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ያየውም እርጥብ አስፋልትና ሻንጣ የሚጭን አንድ ሠራተኛ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አውሮፓን አላያትም። ይህ ከወዲሁ ይታወቅ፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ2011 እሱ በሚኖርበት አካባቢ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ውድብሪጅ ያለ ሐበሻ ሮም ወይም ፓሪስ ለመሄድ ሲነሳ ምክር የሚጠይቀው እሱን ነበር።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ክርስትና ቤት ነው። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው በሮም በኩል ወደ አገር ቤት ሊሄድ መሆኑን ሲያወራ፣ ኃይለመለኮት ጣልቃ ገብቶ "ባቡር ከመሳፈርህ በፊት ትኬትህን እዚያች ማሽን ላይ አስመታ፤ ሳታስመታ ከተገኘህ ትቀጣለህ" አለው። ይህን ማኅደር ሰማች። ማኅደር በየእሁዱ ከሰዓት በኋላ የአንድ ሰዓት የአማርኛ ሬዲዮ ፕሮግራም የምታዘጋጅ፣ ወሬ የማያልቅባት ፈጣን ሴት ናት። "ስንቴ ሄደሃል?" አለችው። እሱ ሳቀ። የአፍረት ሳቅ ነበር፤ እሷ ግን ቆጥሬ አልዘልቀውም ያለ መሰላት። በሳምንቱ ስቱዲዮ አስገብታ "አውሮፓን እንደ ሰፈሩ የሚያውቃት እንግዳችን" ብላ አስተዋወቀችው። ያኔ ነበር "አይ፣ ተሳስተሻል" ማለት የነበረበት። ግን ማይኩ ክፍት ነው፣ ሰው ይሰማል፣ ሴትዮዋን በገዛ ፕሮግራሟ ላይ ማሳፈር ሆነበት። ዝም አለ። እንግድነቱም በዚያው ዝምታ አራት ዓመት ዘለቀ።

ምክሩን ከየት ያመጣዋል ከተባለ፣ ከሥራው ነው። ኃይለመለኮት ደለስ ኤርፖርት ውስጥ መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች በዊልቸር ይገፋል። የገፊ ፊት አይታይም፤ ተቀምጦ የሚገፋ ሰው ደግሞ ማውራት ይወዳል። አንዷ አሮጊት፣ ፓሪስ ሱቅ ስትገባ መጀመሪያ ቦንዡር ካላልክ ሻጯ ዞራም አታይህም ትለዋለች። ሌላው ባርሴሎና ውስጥ ቦርሳውን በጀርባው አንግቶ እንዴት እንደተሰረቀ ይነግረዋል። አምስተርዳም የብስክሌት መንገድ ላይ መቆም ክልክል መሆኑን፣ ሮም ቡና ተቀምጦ መጠጣት ቆሞ ከመጠጣት እንደሚወደድ፣ ፓሪስ ጎዳና ላይ ወረቀት ፈርሙልን ከሚሉ ልጃገረዶች መሸሽ እንደሚሻል፣ ሁሉንም በዚህ መንገድ ሰምቷል። መንገደኛውን ታክሲ ላይ አሳፍሮ ሲመለስ ከደረት ኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ ይጽፋል። እውነቱን ለመናገር ምክሩ ጥሩ ምክር ነበር፤ ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል። ውሸቱ "እኔ ስሄድ" የምትለዋ ላይ ነበረች።

አብረውት የሚገፉት ሐበሾች ነገሩን ያውቃሉ። "ቱሪስቱ" ነው የሚሉት። ግን አንዱ ለእናቱ የኤርፖርቱ ሥራ አስኪያጅ ሆኛለሁ ብሎ የጻፈ፣ ሌላው ለእጮኛው ፋርማሲስት ነኝ ያለ ስለሆነ ማንም የማንንም ገበና አያወጣም። ባጁ ላይም ስሙ አጥሮ "ኃይሉ" ተብሎ ነው የተጻፈው፤ ኃይለመለኮት የሚባለው ሬዲዮ ላይ ነው።

ቤት ውስጥ ግን መደበቂያ የለም። ሚስቱ ሉሊት በፕሮግራሙ ሰዓት እዚያው አሜሪካ አሌክሳንድሪያ ከተማ ካለው አፓርታማቸው የልብስ ቅርጫቷን አንስታ ምድር ቤት ወዳለው ላውንድሪ ትወርዳለች። እሁድ በዚያ ሰዓት ለምን ልብስ እንደሚታጠብ አንድ ቀንም አልጠየቃትም፤ ሚስቱ ድምፁን መስማት እንደምታፍር ያውቃል። ዜግነት አግኝቶ ሰማያዊውን ፓስፖርት የያዘ ዕለት "አንድ ጊዜ ሄደህ ናና ተገላገለው" ብላው ነበር። ግን አሥር ጊዜ ሄዷል የተባለ ሰው እንዴት አድርጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሄዳል? ማኅደር በየዓመቱ "የዘንድሮው ጉዞህስ?" ትላለች፤ እሱ የዘንድሮውን ይፈጥራል። ፓስፖርቱ አንድ ማኅተም ሳያርፍበት መሳቢያ ውስጥ ተኛ።

በዚያው በ2011፣ በሰኔ ወር አንድ እሁድ፣ አንዲት እናት ስቱዲዮ ደወሉ።

"ጤና ይስጥልኝ ልጄ። የሺሀረግ እባላለሁ፤ ከዊተን ነው የምደውለው" አሉ ረጋ ባለ ድምፅ። "ልጄ ሮምንና ፓሪስን ላሳይሽ ብላ ሁለት ዓመት ስታጠራቅም ከርማ በሚቀጥለው ወር ይዛኝ ልትሄድ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው የጨነቀኝ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማችንን የት ነው የምናስቀምጠው?"

ይወለቃል ወይ አላሉም። የት ይቀመጣል ነው ያሉት። ኃይለመለኮት ደብተሩን አገላበጠ። እስከዚያ ቀን ከገፋቸው መንገደኞች ሁሉ ስለ ጫማ ያነሳ አንድም አልነበረም፤ እሱም ጫማ አድርጎ ቤተ ክርስቲያን መግባት የሚባል ነገር ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም። ማኅደር አገጯን በእጇ ደግፋ ትጠብቃለች። "አላውቅም" ቢል ምንም አይሆንም ነበር። ግን አራት ዓመት ሙሉ አላውቅም ብሎ የማያውቅ ሰው ቃሉ ከአፉ አልወጣ አለው።

"ከበሩ በስተግራ መደርደሪያ አለ እማማ" አለ። "እኔ ስሄድ እዚያ ነው የማስቀምጠው። ለማውለቅ የማያስቸግር ጫማ ያድርጉ።"

"ተባረክ ልጄ። አሁን ልቤ አረፈ" ብለው ዘጉ።

በስተግራ የምትለዋ ከየት እንደመጣችበት እሱም አያውቅም። ወደ ቤት ሲነዳ አንድ ሁለቴ ትዝ አለችው፤ ከዚያ ረሳት።

በሐምሌ አጋማሽ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአውሮፓ የገባ አውሮፕላን በር ላይ ዊልቸሩን ይዞ ቆሟል። የተሰጠውን ወረቀት ሲያይ የመንገደኛዋ ስም የሺሀረግ ይላል። ከአጠገቡ ካለው ልጅ ጋር ሊቀያየር ፈለገ፤ ልጁ ግን የራሱን መንገደኛ ይዞ ሄዷል። ከዚያ አንዲት ነጠላ የተከናነቡ እናት በሁለት አስተናጋጆች ተደግፈው መጡ። ሁለቱም እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ በፋሻው ላይ የወንድ የሚያህል የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ አጥልቀዋል። ከኋላቸው ልጃቸው ሰርክአዲስ ሻንጣ እየጎተተች፣ ፊቷን አጨፍግጋ ትከተላለች።

ድምፁን እንዳያውቁት ፈርቶ በእንግሊዝኛ "ዌልካም፣ ማም" ብሎ አስቀመጣቸው።

"ሐበሻ ነህ አይደል ልጄ?" አሉት።

ራሱን ነቀነቀ። ስሙን ሲጠይቁት ባጁን አሳያቸው። ሰርክአዲስ "ኃይሉ ይላል" ብላ አነበበችላቸው።

ወደ ኢሚግሬሽን የሚወስደው ተሽከርካሪ እስኪሞላ ድረስ ጥግ ይዘው ቆሙ። ወይዘሮ የሺሀረግ እግራቸውን አዩ።

"ጥፋቱ የራሴ ነው" አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

"የራስሽ አይደለም እማዬ" አለች ሰርክአዲስ። "የዚያ የሬዲዮ ሰውዬ ነው። ትረስት ሚ፣ ሄዶ አያውቅም። እሁድ ላይቭ ላይ ኮል አደርግና ስሙን ጠርቼ ነው የምነግረው።"

"ተይው እስቲ።" ወደ ገፊው ዘወር ሳይሉ ወሬያቸውን ለእሱ ቀጠሉ። "ሮም አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እሷ የሙዚየም ትኬት ልትቆርጥ ሰልፍ ያዘች፤ እኔ ቀድሜ ልሳለም ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ። በስተግራ መደርደሪያ ፈለግሁ። የለም። አንስተውት ይሆናል ብዬ ጫማዬን እዚያው በስተግራ፣ ግድግዳው ሥር አድርጌ ገባሁ። ስወጣ ጫማ የለም። ልጄን ፍለጋ ዞርኩ፤ ድንጋዩ ይፋጃል። እግሬ አልሄድ ሲለኝ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ባዶ እግሬን። አንዲት ፈረንጅ መጣችና ጭኔ ላይ ሳንቲም አስቀምጣልኝ ሄደች።"

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ።

"ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ደርግ ባሌን ወስዶብኝ ስድስት ልጅ ሳሳድግ የሰው እጅ አላየሁም። ቀጥሎ አንድ ሕፃን በእናቱ ተልኮ መጣ። እሱም አስቀመጠልኝ። ምን ልበለው? ቋንቋ የለኝም። እግዜር ይስጥልኝ አልኩት።"

"እግሯ ውኃ ቋጥሮ ቆሰለ" አለች ሰርክአዲስ። "ፓሪስን ካንስል አድርገን መጣን።"

ኃይለመለኮት የዊልቸሩን እጀታ ጨብጦ ወለሉን ያያል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። ደረጃው ላይ የተቀመጡት እናት ከዓይኑ አልጠፋ ስላሉት፣ መደበቁን ረስቶ፣ እሁድ እሁድ በሚናገርበት በዚያው ድምፅ፣

"ሳንቲሙንስ ምን አደረጉት እማማ?" አለ።

ወይዘሮ የሺሀረግ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። አልዞሩም።

"ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ከተትኩት" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ኢሚግሬሽኑን አልፈው ሊወስዳቸው ወደ መጣው መኪና ወጡ።

መኪናው ጋ የዊልቸሩን የእግር ማሳረፊያ ለማንሳት ተንበረከከ። ፋሻው ፊት ለፊቱ ነው። "ይቅርታ" ሊል ቀና አለ፤ ሰርክአዲስ በሩን ከፍታ ቆማ ታየዋለች፤ ሳይል ማሳረፊያውን አነሳ። ደግፎ አስገባቸው። "እግዜር ይስጥልኝ ኃይሉ" አሉት፤ መኪናው ሄደ። በዚያ ቀን ደብተሩ ላይ ምንም አልጻፈም።

ማታውን ለሉሊት ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችው። "እሁድ ትቀራለህ?" ብቻ አለችው። ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ለማኅደር ሊደውል ሁለት ቀን አሰበ። ግን ቢቀር ልጅቷ ደውላ ለማኅደር ትናገራለች፤ ማኅደር ብቻዋን ማይክ ፊት ትዋረዳለች። እሷን ላለማሳፈር ብሎ የጀመረውን ውሸት እሷን በማዋረድ ሊጨርሰው ነው። ይህን ሲያስብ ራሱን ተጸየፈው። እሁድ ከቤት ሲወጣ የልብስ ቅርጫቱ በሩ ሥር እንደተቀመጠ ነው። ሉሊት ሬዲዮኑ አጠገብ ተቀምጣለች።

ሁለተኛው ስልክ ከዊተን ነበር።

"ጤና ይስጥልኝ ኃይሉ" አሉ ወይዘሮ የሺሀረግ።



"እማማ፣ የእኛ እንግዳ ኃይለመለኮት ነው" አለች ማኅደር እየሳቀች።

"አዎ፣ እሱን ነው። ሮም ደርሼ መጣሁ።"

"እሰይ። እንዴት ነበር?"

"ደኅና። አንድ ጥያቄ አለኝ ለልጄ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወለቃል ወይ?"

ከኋላቸው "እማዬ፣ ጀስት ንገሪው" የሚል የሰርክአዲስ ድምፅ ተሰማ። እሳቸው ግን አልተናገሩም። ጠበቁት። ሁሉንም በአየር ላይ ሊዘረግፉት ሲችሉ፣ አፉን የሚከፍትበትን ቦታ ለእሱ ትተውለት ጠበቁ። ኃይለመለኮት ይህ ገባው። ከስድብ ይልቅ ይኸኛው አቃጠለው።

"አላውቅም እማማ" አለ። "ሄጄ አላውቅም። ሮምም፣ ፓሪስም፣ የትም። ደለስ ዊልቸር ነው የምገፋው። የምነግራችሁን ሁሉ የሰማሁት ከመንገደኛ ነው። መደርደሪያውን ግን ከማንም አልሰማሁም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እኔ ነኝ እዚያ ደረጃ ላይ ያስቀመጥኩዎት።"

ማኅደር የጆሮ ማዳመጫዋን አወለቀች። አራት ዓመት የምታውቀውን ሰው እንደ አዲስ ታየው ጀመር። እሱ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

"ሰማሁ" አሉ ወይዘሮ የሺሀረግ በመጨረሻ። "እንግዲህ አንተ ካልሄድክ፣ እኔ ሄጃለሁ። ጠይቀኝ።"

ኃይለመለኮት ደብተሩን አወጣ። ባዶ ገጽ ለማግኘት ብዙ አገላበጠ።

"እማማ" አለ። "ጫማ ይወለቃል ወይ?"

"አይወለቅም" አሉት። "ጻፈው።"